የልጆቹ መርዶ

ይድረስ ለባለቤቴ ለየኔታ ይርጋ፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ማለት ወግ ነው። ካለህበት አገር ጤናም በሽታም እንደማይጠየቅ አላጣሁትም፤ ወግ አጓደለች እንዳትለኝ ብዬ ጠየቅሁህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ እማሆይም፣ ልጅህ አትጠገብም፣ እኔም አለን። ከተለየኸን ሁለተኛው ኅዳር አለፈ። ጤፉ ገብቷል፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ የጣራው ሣር ታድሷል። ያ ሁልጊዜ «ነገ እሠራዋለሁ» ትለኝ የነበረው የበር መቀርቀሪያም ተሠርቷል፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

በሰው ፊት አንቱ፣ ደጃችንን ዘግተን ስንቀመጥ ደግሞ አንተ እያልኩህ ነው አብረን የኖርነው። ለደብዳቤ የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቅህ ኖሮ ኮራ ብለህ «መምህር አይደለሁም እንዴ፣ አንቱ በይ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዛሬ ግን በዚህ ወረቀት ላይ እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ስለዚህ አንተ እልሃለሁ። ወረቀቱም ይህ ክፉ ዘመን እስኪያልፍ ከእኔ በቀር ሰው አያየውም።

አዘዞን ብታያት አታውቃትም። ጣሊያን ሜዳውን ደልድሎ የአውሮፕላን ማረፊያ አድርጎታል፤ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪዎቹ ድምፁን ሲሰሙ መጽሐፋቸውን እየጣሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ይወሸቁ ነበር። አሁን ድምፃቸውን ጨምረው ያነባሉ እንጂ ቀና ብለውም አያዩት። ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ሌት ተቀን ማኪና ነው። ከተማው ውስጥም አዲስ ሕንፃ በአዲስ ሕንፃ ላይ ይሠራሉ፣ ለዘላለም ሊቀመጡ ያሰቡ ይመስላሉ። እኔ ለጨው ካልሆነ አልወጣም።

ተማሪዎቹ ስልህ የማን ተማሪዎች ብለህ እንደምትጠይቀኝ ገብቶኛል። ወደ እሱ እደርሳለሁ፤ አትቸኩል። አስቀድሜ ሞትህን የሰማንበትን ጧት ልንገርህ።

ጎረቤታችን አያ ደርሶ ያን ጊዜም ለእናንተ ለአርበኞቹ ስንቅ አቀባይ ነበር፤ በአህያው ገለባ ይጭናል፣ ከገለባው ሥር ዱቄት ይደብቃል። በዚያ ጧት ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ደጁን ቆረቆረ። እማሆይ ገና ከጸሎታቸው አልተነሱም፣ አትጠገብ ከመደቡ ላይ ተኝታለች። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል፤ አያ ደርሶ አፉን ሳይከፍት እኔ ጨርሼዋለሁ። ከወገራ ደጋ ላይ፣ ሁለት ቁስለኛ ይዘህ ከአፋፉ እንደቀረህ፣ ሌሎቹ ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ እየተኮስክ መንገዱን እንደዘጋህ ነገረን። ቁስለኞቹም በጨለማ ወርደው ተርፈዋል አለ። «ሸጋ ሞት ነው የሞተ፣ ሸጋ ሞት» እያለ እኛን ያጽናናል፣ እንባው ግን በጢሙ ይወርዳል።

መጮህ አልቻልንም። አርበኛ የሞተበት ቤት ድምፅ አውጥቶ ካለቀሰ በማግስቱ እንደሚፈተሽና እንደሚቃጠል በዐይናችን አይተናል። እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፣ እኔ ፊቴን ከእህል ከረጢት ላይ ደፋሁ። ወጉ እንዳይቀር ጠጉሬን ተላጨሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ቅማል ፈጅቶኝ ነው አልኩ። አንተ በዚያ ጠጉር ስትኮራ እንዳልኖርክ፣ የመምህሩ ሚስት ቅማላም ሆና ቀረች። ፍትሐትህ ግን አልቀረም። የደብሩ አለቃ በቅዳሴ መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በክርስትና ስምህ «ወልደ ገብርኤል» ብለው ጠርተውሃል። የጣሊያን ጆሮ ጠቢ ቆሞ ይሰማል፣ ይርጋ የሚባል አርበኛ እንጂ ወልደ ገብርኤል የሚባል አያውቅም። በጠላት ፊት ተፈታህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅህ ልምጣ። አያ ደርሶ እንደወጣ እማሆይ እጄን ይዘው «ልጅ መርዶ አይሸከምም» አሉኝ። ወጋችን መቼም ታውቀዋለህ። አዋቂ መርዶ ሲነገረው ልጅ ጎረቤት ይላካል፤ ሲመለስ አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል ይባላል፤ ከዚያ አድጎ በራሱ ጊዜ እስኪደርስበት ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል። እማሆይም አትጠገብ እንደነቃች ጠርተው «አባትሽ ቅኔ ሊማር ጎጃም ወርዷል» አሏት።

አንተና ቅኔ! በልጅነትህ ቅኔ ቤት ገብተህ ክረምቱ ሳይወጣ ሸሽተህ መምጣትህን እዚህ የማያውቅ ማን አለ? ሐዘኔ ውስጥ ሆኜ እንኳን ሳቅ አምልጦኝ ነበር፤ እማሆይ ኮስተር ብለው ሲያዩኝ በነጠላዬ ሸፈንኩት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «እሺ» አለች፣ ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

ትምህርት ቤትህ ደግሞ ሊበተን ነበር። የደብሩ አለቃ ሌላ መምህር እስኪገኝ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይሂዱ አሉ። መምህር ከየት ይገኛል? ግማሹ ደጋ ላይ ነው፣ ግማሹ ቆላ ወርዶ ተደብቋል። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት የደገምኩት ከአባቴ እግር ሥር ነው፣ ይህን አንተም በተጣላን ቁጥር የምትረሳው ነገር ነበር። አለንጋህን አንስቼ ታስተምርበት ከነበረው ወይራ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። «ሴት ደግሞ ወንበር ትዘረጋለች?» ያሉ አልጠፉም። ወንበር አልዘረጋሁም፣ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥኩት ብዬ መለስኩላቸው። ፊደል መቁጠር፣ ንባብ፣ ዳዊት፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። እሱም ቢሆን አልተበላሸብኝም።

ያልጠበቅሁት ልጆቹን ነው። ከአንተ በኋላ በየወሩ የአንዱ ወይም የሌላው አባት ይቀር ጀመር፤ አንዱ በጦር፣ አንዱ በእስር ቤት፣ አንዱም መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተንዶበት። ለልጆቹ ግን አባት ሁሉ ነጋዴ ሆነ። የሞላ አባት መተማ ለንግድ ሄዷል ተባለ፤ የሌላው ሱዳን ተሻግሯል ተባለ። ያን ጊዜ መተማ የሄደው ነጋዴ ሁሉ እውነት ቢሆን ገበያው አይበቃውም ነበር።

ልጆቹም በየፈርጁ ተለወጡ። ሞላ የነካውን ሁሉ የሚማታ ሆነ። ሌላው አንዲት ፊደል ሲስት ፀሐይ እንደጠለቀችበት ያለቅሳል። አንዱ ደግሞ ከንባቡ መካከል ብድግ ብሎ ወደ መንገዱ ሄዶ የሚያልፈውን ሰው ፊት ፊት ይመለከታል። ሰፈሩ «የሙት ልጅ ነው፣ ተውት» እያለ በሹክሹክታ ያዝንላቸዋል። ለልጁ ነጋዴ ነው የተባለው አባት፣ በሹክሹክታው ሙት ነው። ልጅ ደንቆሮ መሰላቸው።

የእኛዋ ደግሞ የባሰች ነበረች፤ ምክንያቱም አታለቅስም፣ አትማታም። ስትሄድ ሦስተኛውን ንጉሥ ትተህላት ነበር። ዳዊት በየዐሥር መዝሙሩ በንጉሥ መከፈሉ፣ አንዱን ንጉሥ ተማሪው አጥርቶ አንብቦ መምህሩ ሰምቶ ካልመረቀው ወደሚቀጥለው አለመታለፉ የአንተው ሥርዓት ነው። «ስመለስ እሰማሻለሁ፣ ከዚያ አራተኛውን እንጀምራለን» ብለሃት ሄድክ። እሷም ሦስተኛውን ንጉሥ አንብባ ጨረሰች፣ እንደገና ጀመረች፣ ጨረሰች፣ እንደገና ጀመረች። በመስቀልም እሱው፣ በጥምቀትም እሱው፣ በፋሲካም እሱው። እኔ ልስማሽና እለፊ ስላት «ይኼን የሚሰማ አባቴ ነው» ትለኛለች፣ ዐይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ። ማንበብ የቻለች ልጅ እንዲህ ባለ ቦታ ተተክላ ስትቀር ማየት ምን እንደሆነ መምህር ያውቀዋል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የሰማሁትን ያን ዓመት በቤቴ አየሁት። ካላለፈችው ከዚያ መዝሙር ጋር አርጅታ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ የበለጠ ያስፈራኝ ነገር ያን ዓመት አልነበረም፣ ጣሊያንም ጭምር።

ግንቦት ሲገባ አንድ ቀን ተማሪዎቹ የቀትሩን ዕረፍት አብዝተውብኝ ልሰበስባቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞርኩ። ገና ሳልደርስ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሰማሁ። አትጠገብ ከግንቡ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ሳል ሳል አለች፤ ወዲያው ከግንቡ ጀርባ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ማለት ጀመሩ።

ዞሬ ባይ መሬት ላይ ዱላ ተተክሏል፣ ዱላው አሮጌ ጋቢ ለብሷል፣ ከጋቢው ላይ የእንጨት ጎራዴ ተንጠልጥሏል። በደህናው ዘመን የጀግና ለቅሶ ሜዳ ላይ ሲለቀስ የሟቹ ልብስና መሣሪያ እንደሚወጣ ታውቃለህ፤ ልጆቹ ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። ጋቢው የሞላ አባት ነው። አንዱ ልጅ ለከበሮ የቆርቆሮ ጣሳ ይዟል። ሞላ ፊቱ በአቧራና በእንባ ተለውሶ፣ ነጋዴ ነው የተባለውን የአባቱን ስም እየጠራ ሲፎክር ነው የደረስኩት። አባትህ መተማ ሄዷል ያልነው ልጅ አባቱ የሞተበትን ቀበሌ ሳይቀር ያውቃል። የእኛዋ ደግሞ ዘብ ናት፤ አዋቂ ሲመጣ ታስላለች፣ እነሱም ለቅሶውን በፊደል ይሸፍኑታል።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ያላየሁ መስዬ «ለ ሉ ሊ» ብዬ ተቀበልኳቸው። እስከ ፐ ድረስ አብረን አልን።

ያን ቀን አመሻሽ፣ እማሆይ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ፣ አትጠገብን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ አባቷ የምታውቀውን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ጎጃም ነው አለችኝ። ከዚያ «ያን ቀን ነቅቼ ነበር» አለች፤ «አያ ደርሶ ሸጋ ሞት ሲሉ ሰምቻለሁ።» ምነው ታዲያ ዝም አልሽ ብላት «እማሆይ እንዳያዝኑ ነዋ። ጎጃም ሲሉኝ እሺ ካልኩ ያርፋሉ» አለችኝ። አራተኛውን ንጉሥ ምነው እምቢ አልሽ ስላት ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ካለፍኩት አባቴን መጠበቅ መተዌን ታውቁብኛላችሁ።»

ይርጋ፣ እኛ እሷን ደብቀን የያዝናት መስሎን ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፤ ለካስ ደብቃ የያዘችን እሷ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ቤት ሙሉ አዋቂ ስትጠብቅ ከረመች። አዘንኩ፣ አፈርኩ፣ ግን አልዋሽህም፣ ከሁሉ በላይ ኮራሁ። ይህ ልብ ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

እማሆይን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ ይላሉ፤ ምነው ልጄ፣ ያጣችውን በገዛ አፋችን ነግረን ጀንበሯን እናጥልቅባት?» አሉኝ። ጀንበሯማ ከጠለቀች ቆየች፣ እኛ ነን ጨለማው ውስጥ ቀን ነው እያልን የምንምልላት አልኳቸው። ከዚያ ልጅቷ የነገረችኝን እንዳለ ነገርኳቸው፤ እሺ ያለችው ለእርስዎ ብላ ነው አልኩ። እናትህ መቁጠሪያቸውን እስከ ጫፉ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው «እንግዲያ እኔው እነግራታለሁ። የልጄን ሞት ሌላ ሰው አይነግርልኝም» አሉ። አማትና ምራት በብዙ ነገር ስንነታረክ ኖረናል፤ ያን ቀን ግን ጉልበታቸውን ሳምኩ።

አለቃም መጀመሪያ ፈሩ። ልጅ ሲነገረው ይጮሃል፣ ጩኸቱ መንገድ ይደርሳል፣ ከዚያ ሁላችን አለቅን አሉ። መፍትሔውን እኔ አላመጣሁትም፣ የልጆቹ ነው፦ ለቅሶው በንባብ ይሸፈን። የእኛ ትምህርት ቤት ሲያነብ ከሩቅ የሚሰማው መቼም ጠብ የተነሳበት ገበያ ነው፤ ሁሉም የየራሱን በየራሱ ድምፅ ይጮሃል። በዚያ ውስጥ ሃያ ልጅ ቢያለቅስ ማን ይለየዋል? አለቃ ጢማቸውን እየዳበሱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉና ቀን ቆረጡልን።

አንድ ጧት ከኪዳን ጸሎት በኋላ፣ ልጆቹ እህል ሳይቀምሱ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። የመርዶን ወግ ከእነ ሙሉ ክብሩ ነው ያደረግንላቸው፤ ለአዋቂ የሚደረገው ለእነሱም አልጎደለባቸውም። የእያንዳንዱ ልጅ የቅርብ ዘመድ፣ እናት ወይም አጎት ወይም አያት፣ ከኋላው ተቀመጠ፤ መርዶ የሚነገረውን ሰው ከኋላ የሚይዘው ሰው ከሌለ መሬት ላይ ራሱን ይጥላልና። ትልልቆቹ ተማሪዎች፣ አባታቸው በሕይወት ያለው፣ ዙሪያውን ዳዊት ይዘው ከበቡ። እኔ አለንጋዬን ሳነሳ ንባቡ እንዲጀመር ተነጋግረናል። አባቶቹ እንዴትና የት እንደሞቱ በግልጽ እንዲነገር፣ «አልፏል» «ሄዷል» «ተኝቷል» የሚባል ቃል እንዳይገባ ብዬ ዘመዶቹን አስቀድሜ ለምኛለሁ። ልጅ «ሄዷል» ከተባለ መንገድ መጠበቁን አይተውም።

አለንጋዬን አነሳሁ። ዳዊቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። በየጥጉ ዘመድ ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለ። «አባትህ ሞቷል። አይመለስም።» ሞላ አጎቱ ሲነግረው ከዚያ በፊት ያልሰማ ያህል ጮኸ፤ ማወቅ ሌላ፣ መነገር ሌላ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ልጆቹ አለቀሱ፣ አባቶቻቸውን በስም ጠሩ፣ ፎከሩላቸው። ዳዊት ደጋሚዎቹም እያለቀሱ ያነባሉ፣ አንዱም ግን መስመሩን አልሳተም።

እማሆይ የአትጠገብን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው «አባትሽ፣ የእኔ ልጅ ይርጋ፣ ሞቷል። ጎጃም አልሄደም። ሰው አስመልጦ ነው የሞተ» አሏት። እሷም «አውቃለሁ እማሆይ፣ አይዞዎት» አለቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ለቅሶው ወጣላቸው። እኔ ከኋላዋ ልይዛት ነበር የተቀመጥኩት፤ ማን ማንን እንደያዘ እስከዛሬ አላውቅም።

መካከል ላይ አንድ የባንዳ ዘብ ጠመንጃውን አንግቶ ከቅጥሩ በር ቆመ። «ምነው ዛሬ እንዲህ ጮኻችሁ?» አለ ሰውየው። ሞላ፣ ያ የሚማታው ሞላ፣ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ብድግ አለና «የኛ መምህር በርትታችሁ አንብቡ ብለውን ነው» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘቡ ልጆቹን አየ፣ ከኋላቸው የተቀመጡትን እናቶች አየ። ኮፍያውን አውልቆ አማተበና መንገዱን ቀጠለ። ተታልሎ ይሁን ገብቶት ይሁን እግዜር ይወቅ። ብቻ እወቅ፤ ያን ዓመት በአዘዞ ምድር በሙሉ ድምፅ የተለቀሰላችሁ እናንተ ናችሁ፣ ያስለቀሱላችሁም ልጆቻችሁ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ቀና እንዳልል ታውቀኛለህ፣ ማጋነን አልወድም። ሞላ አሁንም አንዳንዴ ይማታል። ግን ሲማታ እጁን ይዤ ከወይራው ዞር አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ስለ አባቱ አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ከዚያ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። «የሙት ልጅ» የሚለውን ስም ከቅጥሩ ውስጥ አስወጥቼዋለሁ፤ ያለ ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ከእኔ ይሰማል። እናቶቹ መጀመሪያ ልጆቻችንን ለምን ታስጠኚያቸዋለሽ፣ ያዘኑ ናቸው ይሉኝ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ያደረግኸውን ነገርኳቸው። እናቱ በንዳድ የሞተችበትን ያን ልጅ ታስታውሳለህ? ሰው ሁሉ ሲያባብለው አንተ በግራህ አስቀምጠህ ምንም ሳትለው ከበድ ያለ ንባብ ሰጠኸው። ማታ ቤት ስንገባ ምነው ጨከንክበት ብዬ ተጣላሁህ። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ከግራህ አልተነሳም፣ በማግስቱም ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሐዘን ያለበትን ልጅ በግራዬ አስቀምጠዋለሁ፣ ሥራም አልነፍገውም። እሑድ እሑድም አጎቶች እየመጡ ልጆቹ ያነበቡትን ይሰማሉ፤ ፊደል ባያውቁም ተቀምጦ መስማት የማይችል ሰው የለም።

አራተኛው ንጉሥስ አትለኝም? መርዶው በተነገረ በሰባተኛው ቀን አትጠገብ ራሷ መጽሐፏን ይዛ እማሆይ ፊት ቆመች። እማሆይ ፊደል አይለዩም፣ ዳዊትን ግን ከእኔም ከአንተም በላይ በጆሯቸው ያውቁታል። ሦስተኛውን ንጉሥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳትሰብር አነበበችላቸው። ድምፅዋ፣ ይርጋ፣ ካንተ ይበልጣል፤ ይህን በሕይወት ሳለህ አልነግርህም ነበር። እማሆይ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው «ልጄ ቢኖር እሱ ይልሽ ነበር፤ እኔ እናቱ እላለሁ፣ እለፊ» አሏት። አለፈች። አሁን ዳዊቱን ጨርሳ እንደገና ከፍ ባለ ንባብ ይዛዋለች፣ ለትንንሾቹም ፊደል የምታስቆጥረው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ከቆላ ድባ አንድ ገበሬ የወንድሙን ልጅ ይዞ መጣ፤ ስንዱ የምትባል ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ። ከደጁ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቷ ሞቷል፣ ለመከር ይመጣል ብለናታል፤ እናንተም እንደዚያው በሏት» አለኝ። እኔ የምመልሰውን ሳስብ አትጠገብ ሰምታው ኖሮ መጣች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፣ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። «አያ» አለችው፣ «ሳይሄዱ እርስዎ ይንገሯት። ከሌላ ልጅ አፍ ከምትሰማው ከዘመዷ ትስማው። እኔ ከኋላዋ እይዛታለሁ።»

ሰውየው እኔን አየኝ። እንዳለችው ይሁን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ተማሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው ዳዊታቸውን ከፈቱና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ገበሬው ተንበረከከና ነገራት። ልጅህም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሕፃኗን በሁለት ክንዷ ከኋላ አቀፈቻት፣ ሕፃኗ ስትወራጭ አለቀቀቻትም፣ ዝም በይም አላለቻትም። አልቅሳ ሲደክማት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችላትና በግራዋ አስቀመጠቻት።

እኔ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን አየሁ። አንተ ሁለት ቁስለኛ ይዘህ ከአፋፉ ስትቀር ያየህ አያ ደርሶም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ልጅህን ግን እኔ በዐይኔ አይቻታለሁ፤ ያየሁትንም ላንተ መንገር ነበረብኝ።

ይርጋ፣ አንረሳህም ብዬ አልጨርስም፤ ያንን ሰው ሁሉ ለሟቹ ይለዋል። የእኔ ቃል ይህ ነው፦ በዚህ ደጅ ስለ አባቱ የጠየቀ ልጅ እውነቱን ሳይሰማ አይመለስም፣ እውነቱንም ሲሰማ ከኋላው የሚይዘው አያጣም።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ